የሚያፈስ እንስራ፦ ሙሴ ጸሊምና የትናንት በደል

ጳላድዮስ እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ ስለ ግብፅ መነኮሳት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሽፍታ አለ። አንድ ሌሊት ሥራውን ባደናቀፈበት እረኛ ላይ ቂም ይዟል። እረኛው ከዓባይ ማዶ መሆኑን ሲሰማ ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ የሞላውን ወንዝ በዋና ተሻገረ። እረኛው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አመለጠው። እሱም አራት አውራ በጎች መርጦ አረደና በገመድ አስሮ እየጎተተ ተመለሰ፤ ሥጋውን በላ፣ ቆዳውን ሽጦ ወይን ጠጣበት።

ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ሙሴ ጸሊም ይህ ሰው ነው። ጳላድዮስ «ኢትዮጵያዊ» ይለዋል፤ በዘመኑ ግሪክኛ ቃሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያሉትን ጥቁር ሕዝቦች በጅምላ የሚጠራ ነበር።

ጸሐፊው ክፋቱን የሚዘረዝረው የመመለሱን ታላቅነት ለማሳየት እንደ ሆነ ራሱ ይናገራል። ብዙ ምእመን ይቅርታን ከመርሳት ጋር ያምታታል፤ የትናንቱ ትዝ ባለው ቁጥር ንስሐው ያልሰመረ ይመስለዋል። ሙሴ ግን ምንም አልረሳም።

ሽፍትነቱን ትቶ ሊመነኩስ ወደ አስቄጥስ፣ ወደ ዛሬው ዋዲ ኤል ናትሩን በረሃ ከገባ በኋላም የድሮው ኑሮው በሕልም እየመጣ ያስጨንቀው ነበር። ስድስት ዓመት ሌሊቱን በበኣቱ ቆሞ ሲጸልይ፣ ዐይኑን ሳይከድን ያድር ነበር። ሕልሙ አልተወውም። ከዚያ ደግሞ በጨለማ እየተነሣ፣ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን እንስራ ከየበኣታቸው እያነሣ ውኃ ይቀዳላቸው ጀመር፤ መንገዱም ሩቅ ነበር። አንድ ሌሊት ከጕድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ እንዳለ ወገቡን በዱላ ተመታ። ጳላድዮስ መቺው ጋኔን ነበር ይላል። ሙሴ አንድ ዓመት ሙሉ ታመመ።

ሰላም ያገኘው በዚህ ሁሉ ተጋድሎ አልነበረም። የአስቄጥስ ካህን የነበረው አባ ኤስድሮስ ሕልሙ በክርስቶስ ስም እንደ ተወው፣ ተደፋፍሮም እንዲቆርብ ነገረው፤ እስከዚያ የተፈተነውም በራሴ ብርታት አሸነፍሁ ብሎ እንዳይታበይ ነው አለው።

ሰው በራሱ ብርታት ነጻ እንደማይወጣ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። «ኃጢአት» ከግእዙ «ኀጥአ» የመጣ ነው፤ «አጣ» የምንለውም ከዚያው ነው። ካህኑ ለተናዛዡ «እግዚአብሔር ይፍታ» ሲል የሚጠቀመው ግሥ ደግሞ ለገመድም ለእስረኛም የምንጠቀምበት ነው። የታሰረ ሰው እጁን ራሱ አይፈታም፤ የነፍስ አባት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በኋላ አንድ ወንድም አጠፋና አባቶች ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። ሙሴን አስጠሩት፤ እንቢ አለ። ደግመው ሲልኩበት የሚያፈስ እንስራ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ ሳላየው በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ወንድምየውን ማሩት።

በረሃው በወራሪዎች በተጠቃ ጊዜ ሙሴ ወንድሞቹን ሽሹ አላቸው። አንተስ ቢሉት፣ ሰይፍ ያነሣ በሰይፍ እንደሚጠፋ ጌታ የተናገረውን አስታውሶ፣ ይህን ቀን ብዙ ዓመት ስጠብቀው ኖሬአለሁ አለ። ወራሪዎቹ ሲደርሱ ከበኣቱ አልወጣም ነበር።