የአደራ ዕርቅ፦ ዓፄ ቴዎድሮስና እቴጌ ጥሩወርቅ

የነገሥታትና የመሳፍንት ትዳር በልብ ወለድ ሲተረክ ፍጻሜው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ተኳርፈው የኖሩ ባልና ሚስት በመጨረሻው ምዕራፍ ይታረቃሉ፤ አንባቢም በዕርቁ ተደስቶ መጽሐፉን ይዘጋል። እኛ በቡለን ታሪክ የምናስተምር መምህራን ከተማሪዎቻችን የምንሰማው ጥያቄም ከዚሁ የመነጨ ነው፦ «ዓፄ ቴዎድሮስና እቴጌ ጥሩወርቅ ይዋደዱ ነበር ወይ?» ለዚህ ተገቢውን መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ትዳሩ የተመሠረተበትን ሁኔታ መመርመር ያስፈልጋል።

እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ውቤን ድል አድርገው ከማረኩ በኋላ፣ ራሳቸው ውቤ ባሳነጹት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጭነው «ቴዎድሮስ» ተባሉ። የመጀመሪያ ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሲያርፉም የእስረኛቸውን ልጅ አገቡ። እንግዲህ ሙሽራዪቱ የተዳሩት አባታቸውን ለማረኩት ንጉሥ ነበር።

በዚህ ላይ የዘር ክብር ታከለበት። የቴዎድሮስ ባላንጣዎች «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር የታወቀ ነው። እቴጌዪቱ በአንጻሩ በትውልዳቸው የሚኮሩ፣ በጸሎት የሚጽናኑ ወይዘሮ እንደነበሩ ይነገራል። በሚያዝያ ወር 1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ፤ ሆኖም የልጁ መወለድ የወላጆቹን ልብ አላቀራረበውም። ንጉሡ ከየጁ የመጡ ሌላ ወይዘሮ ወደ ቤታቸው ባስገቡ ጊዜ የእቴጌዪቱ ትዳር በስም ብቻ ቀረ።

ዕርቁ የመጣው መንግሥቱ ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ብቻ ሲቀሩት ነው። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ በተቃረበ ጊዜ ባልና ሚስቱ ታረቁ። በዕለተ ስቅለት የንጉሡ ሠራዊት በአሮጌ ሜዳ ድል ሆነ፤ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ዓፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው አለፉ። ለእቴጌዪቱ የተዉት ኑዛዜ ልጃቸውን ለእንግሊዞች አደራ እንዲሰጡ እንደነበር ይነገራል። እቴጌዪቱም ልጃቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት ወር በመንገድ ዐረፉ፤ በትግራይ ጨለቆት ተቀበሩ። ከባለቤታቸው ሞት በኋላ የኖሩት አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው።

ይህን ያህል ዕርቅ እንኳ ያልታደሉም አሉ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ መኳንንቱ ከባለቤታቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ ለዩዋቸው፤ ራስ ጉግሣም በበጌምድር እንዲቀሩ ተደረገ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ በአንቺም ጦርነት ወደቁ፤ ንግሥቲቱም መጋቢት 24 ቀን ዐረፉ። ሁለቱም ትዳሮች የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ሥርዓት ጋብቻ የመንግሥት ጉዳይ ስለነበር፣ የባልና የሚስት መገናኘትና መለያየት በራሳቸው ፈቃድ ብቻ አይወሰንም ነበር። ቴዎድሮስና ጥሩወርቅ እንደ ባልና ሚስት ለመነጋገር የበቁት ዙፋኑ ከእጃቸው ሊወጣ ሲል ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሲጠይቁን ስለ ፍቅራቸው ምለን ልንመሰክር አንችልም። ልንመሰክር የምንችለው በመጨረሻው ሰዓት ስለ ልጃቸው አንድ ቃል መሆናቸውን ነው። ያ ልጅ ኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ለአገሩ አፈር ይብቃ ተብሎ የቀረበውንም ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. እንደማይቀበል አስታውቋል። የልብ ወለዱ መጽሐፍ በዕርቁ ይዘጋል፤ በመቅደላ የተሰጠው አደራ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።