ከቆቃ ውሃ እስከ አዳማ ነፋስ

ስለ አገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ታሪክ በተነሣ ቍጥር የሚወሳው ግድቡና ምሰሶው ነው። ነገር ግን በመካከል ተቀምጦ የኃይሉን ጠባይ የሚለውጠው ዕቃም ታሪክ አለው። ይህንም ለመረዳት የአዳማ አካባቢ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

በአዋሽ ወንዝ ላይ ያለው የቆቃ ግድብ ኢጣሊያ ስለ ወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ሥራ ጀመረ። ሦስቱ መኪናዎቹ በጠቅላላው 43,000 ኪሎ ዋት ያህል እንዲሰጡ የተሠሩ ናቸው። አሠራራቸውም ግልጽ ነው። ውሃው ተርባይኑን ይገፋል፤ ተርባይኑም ጄኔሬተሩን ያዞራል። ፍጥነቱ ሲበዛ የውሃው በር ይጠባል፤ ሲያንስ ይሰፋል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በየሴኮንዱ 50 ጊዜ መመላለሱን ሳያጓድል ወደ ሽቦው ይገባል።

ነፋስ ግን እንደ ውሃ ተገድቦ አይቈይም፤ አንድ ጊዜ ይበረታል፣ አንድ ጊዜ ይደክማል። ከአዳማ በላይ ባሉት ኮረብቶች በ2012 ሥራ የጀመሩት 34 የነፋስ መኪናዎች በጠቅላላው 51,000 ኪሎ ዋት የማመንጨት ችሎታ አላቸው። በ2015 ደግሞ 153,000 ኪሎ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ተጨመረ። በመጀመሪያው ጣቢያ ባሉት መኪናዎች ክንፉና ጄኔሬተሩ ያለ ማርሽ አብረው ይዞራሉ። ስለዚህ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ምልልሱ እንደ ነፋሱ ይለዋወጣል፤ እንዳለ ወደ ሽቦው ቢገባ ከቀረው ኃይል ጋር አይስማማም። መለወጫው በመጀመሪያ አንድ አቅጣጫ ብቻ ወዳለው ኤሌክትሪክ ያቀናዋል፤ ቀጥሎም ቈራርጦ 50 ምልልስ ያለው አድርጎ ይሰጠዋል።

ይህን የሚሠራው ሲሊኮን የተባለው ከፊል አስተላላፊ ነው። ትራንዚስተር በ1947 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ተፈለሰፈ። ቆቃ ከመከፈቱ 3 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1957፣ ብዙ ኃይል የሚችለው ታይሪስተር ተሠራ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደግሞ በአንድ ሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ጥበቡም በዚህ ነው፤ በግማሽ የተከፈተ በር ኃይሉን በሙቀት ያባክናል፤ ፈጽሞ የተከፈተ ወይም ፈጽሞ የተዘጋ በር ግን የሚያባክነው ጥቂት ነው።

በ2016 የተመረቀው፣ በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡርም በዚሁ ጥበብ ይሠራል። ከላይ ካለው ሽቦ 25,000 ቮልት ይቀበላል፤ ትራንስፎርመሩ ዝቅ ያደርገዋል፤ መለወጫውም ሞተሮቹ በሚፈልጉት ምልልስ ከፋፍሎ ያድላቸዋል። ባቡሩ በዝግታ ተነሥቶ ፍጥነቱን የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? የቆቃን ሐይቅ ደለል እየሞላው ውሃ የሚይዝበት ስፍራ ቀንሷል። ስለዚህ አገሪቱ ነፋስን በውሃ ላይ ማከሏ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን የአዳማ የነፋስ መኪናዎች ከነመለወጫቸው ከቻይና የመጡ ናቸው። መለወጫው የተቃጠለ ቀን ነፋሱ ቢነፍስም መኪናው ሥራ ይፈታል። ነፋሱ የእኛ ሆኖ ዕውቀቱ የሌላ ከሆነ ሀብታችን ሙሉ አይደለም። በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተከፈተው የዛሬው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስናን ያስተምራል፤ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ግን የሚጀምረው በእኛው ክፍል፣ በፊዚክስና በሒሳብ ትምህርት ነው። አባቶቻችን ወንዙን ለሥራ አዋሉት። የእኛ ተራ ደግሞ ነፋሱን የሚገራውን ዕቃ መጠገን፣ ቀጥሎም መሥራት ነው።