ላፕቶፕ ይዞ ትምህርት ቤት መሄድ፦ ከመግዛት በፊትና ከተገዛ በኋላ ሊታወቁ የሚገቡ ጉዳዮች

አርሶ አደር በሬ ሲገዛ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይገምታል፤ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ አስኪዶም ያየዋል። ገዝቶ ወደ ቤቱ ካስገባው በኋላም ሌት ተቀን አይጠምደውም፤ የሚጠመድበትም የሚፈታበትም ሰዓት አለው። ልጆች ለትምህርታቸው ላፕቶፕ እንዲገዛላቸው በሚጠይቁበት በዚህ ዘመን ይኸው የቆየ ጥንቃቄ ለአዲሱ መሣሪያም ያስፈልጋል። ለብዙ የገጠር ቤተሰብ የላፕቶፕ ዋጋ ከብት ወይም እህል ካልተሸጠ የሚሸፈን አይደለም። ከተገዛ በኋላ ደግሞ አጠቃቀሙ ካልተለካ የልጁን እንቅልፍ፣ ዓይንና ጀርባ ይነካል። ይህ ጽሑፍ ወላጆች ከመግዛታቸው በፊት ሊጠይቁት፣ ከገዙም በኋላ በቤት ውስጥ ሊያጸኑት የሚገባውን ያብራራል።

ጥያቄው ለምን አሁን መጣ?

ትምህርትን በስክሪን መስጠት በአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲከታተሉ ቆይተዋል። በ2000 ዓ.ም አካባቢም “አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ” በተሰኘው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ አማካኝነት በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገብተው ነበር።

ጉዳዩን ወደ እያንዳንዱ ቤት ያመጡት ግን የቅርብ ጊዜ ለውጦች ናቸው። በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በበይነ መረብ መሰጠት ጀመረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮዲንግ የማሠልጠን መርሐ ግብር ይፋ ሆነ። በኮምፒውተር የሚፈተን ተማሪ በቁልፍ ሰሌዳና በማውዝ መጠቀምን አስቀድሞ መልመድ ይኖርበታል። ይህ ልምምድ ግን የግል ላፕቶፕ መግዛትን የግድ አያደርግም፤ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ካለው በሳምንት የተወሰነ ሰዓት በተራ መለማመድ ይቻላል።

መሣሪያው ብቻውን አያስተምርም

በዚህ ረገድ የፔሩ ልምድ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ድንች ለዓለም ከተሰራጨባቸው የአንዲስ ተራሮች አገራት አንዷ የሆነችው ፔሩ በገጠር ላሉ የአርሶ አደር ልጆች ላፕቶፕ በብዛት አድላለች። በ319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት ግን መሣሪያው በተማሪዎቹ የሒሳብና የቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ እንዳላመጣ አሳየ። መሣሪያው ቢደርስም ከማስተማር ሥራው ጋር አልተዋሐደም ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ በ2023 ባወጣው ዓለም አቀፍ የትምህርት ሪፖርት የፔሩን ልምድ አንስቶ፣ ቴክኖሎጂ ለመማር ጥቅም ሲሰጥ ብቻ ወደ ክፍል መግባት እንዳለበት መክሯል።

በካናዳ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ በ2013 የታተመ ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አመልክቷል። በትምህርት ሰዓት በላፕቶፑ ከትምህርቱ ውጭ የሆነ ነገር ሲከታተል የቆየ ተማሪ ውጤቱ ቀንሷል። ላፕቶፕ ሳይዙ ከኋላ ተቀምጠው የእርሱን ስክሪን ያዩ የነበሩ ተማሪዎችም ውጤታቸው ዝቅ ብሏል። ስለዚህ የአንድ ልጅ ላፕቶፕ የዚያ ልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የክፍሉም ጉዳይ ነው።

ከመግዛት በፊት ለትምህርት ቤቱ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ወላጅ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ከርዕሰ መምህሩ ወይም ከክፍል ኃላፊው መምህር ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ይኖርበታል።

አንደኛ፣ ላፕቶፑ የግድ ነው ወይስ የተፈቀደ ብቻ? “ተፈቅዷል” ማለት “ግዙ” ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ በየትኛው የትምህርት ዓይነትና በሳምንት ለስንት ክፍለ ጊዜ ያገለግላል? ሦስተኛ፣ በዕረፍትና በስፖርት ሰዓት የት ይቀመጣል? አራተኛ፣ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ኃላፊነቱ የማን ነው? አምስተኛ፣ መሣሪያ የሌላቸው ተማሪዎች ትምህርቱን እንዴት ይከታተላሉ?

አምስተኛው ጥያቄ ልጁ ላፕቶፕ ላለው ወላጅም የሚገባ ነው። ተማሪዎች የየራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በሚመጡበት ክፍል ያለውና የሌለው በግልጽ ይለያል። መምህሩ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች በአንድ ላፕቶፕ አብረው እንዲሠሩ ካደረገና የቤት ሥራው በደብተርም መሠራት የሚችል ከሆነ፣ የሌለው ልጅ ወደ ኋላ አይቀርም።

ዕቃው ሲመረጥ

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ባትሪው ያለ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚቆይ በሰዓት ለክቶ ማየት አለበት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ መንካት፣ መክፈቻ ማጠፊያውን መፈተሽ፣ ቻርጀሩ የራሱ መሆኑን ማረጋገጥም ይገባል።

ኤሌክትሪክ በሌለበት ቀበሌ የሚኖር ቤተሰብ አስቀድሞ ኃይሉን ያስብ። የላፕቶፕ ቻርጀር በአብዛኛው ከ45 እስከ 65 ዋት ይፈልጋል። ለአምፖልና ለስልክ ብቻ የተሠራ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ይህን አይችልም። ኃይል በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን መንቀልና መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋ መጠበቅ ዕቃውን ከጉዳት ይጠብቃል። አቧራና የምድጃ ጭስም የላፕቶፕ ጠላቶች ናቸውና ከማብሰያው ርቆ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ።

ክብደቱም የሚታሰብ ነው። የተማሪ ቦርሳ ከልጁ ክብደት አንድ አሥረኛ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። 35 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ 3 ኪሎ ተኩል ያህል ሊሸከም ይችላል ማለት ነው። ላፕቶፑና ቻርጀሩ ብቻ ሁለት ኪሎ ከያዙ ለመጻሕፍት፣ ለምሳና ለውኃ የሚቀረው ጥቂት ነው። አንድ ሰዓት በእግሩ ለሚጓዝ ተማሪ ይህ ቀላል ጭነት አይደለም።

ዓይንን መጠበቅ

የስክሪን ብርሃን ዓይን ያጠፋል የሚለው ፍርሃት ማስረጃ የለውም። እውነተኛው ችግር ድካም ነው። ሰው ስክሪን ላይ ሲያተኩር ዓይኑን የሚያርገበግብበት ፍጥነት በእጅጉ ይቀንሳል። በዚህም ዓይን ይደርቃል፤ ይቆጠቁጣል፤ ራስም ያማል።

መፍትሔው ወጪ የለውም። በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ፣ 6 ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት ነው። በበር በኩል ዛፉን ወይም አጥሩን መመልከት ይበቃል። ስክሪኑ ከዓይን ከአንድ ክንድ ጥቂት ከፍ ባለ ርቀት ይቀመጥ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪኑን ብቻ አብርቶ መሥራት ዓይንን ያደክማልና ሌላ መብራት ይኑር።

ሁለተኛው ጉዳይ ሩቁን አጥርቶ ማየት አለመቻል ነው። ይህ ችግር ለረጅም ሰዓት ቅርብ ነገር ላይ በሚያተኩሩና ከቤት በማይወጡ ልጆች ላይ ይበዛል። ታይዋን ከእ.ኤ.አ 2010 ጀምሮ ተማሪዎች በቀን 120 ደቂቃ ከቤት ውጭ እንዲቆዩ የሚያበረታታ መርሐ ግብር አካሂዳ፣ ለዓመታት እየጨመረ የነበረውን የተማሪዎች የእይታ ችግር መግታት ችላለች። የቀን ብርሃን ለሚያድግ ዓይን ጠቃሚ ነው። ከትምህርት መልስ ከብት ውኃ የሚያጠጣ፣ ጓሮ የሚኮተኩት ወይም ኳስ የሚጫወት ልጅ ይህን ጥቅም ሳያስበው ያገኛል። ላፕቶፕ ሲገዛ መጥፋት የሌለበት ይህ ሰዓት ነው።

ልጁ ጥቁር ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን የሚያጨነቁር፣ ዓይኑን ደጋግሞ የሚያሽ ወይም ራሱን የሚያመው ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ወስዶ ማስመርመር ያስፈልጋል።

አንገትና ጀርባ

ላፕቶፕ የሚለው ስም በጭን ላይ የሚቀመጥ ማለት ቢሆንም ዘወትር በጭን ላይ አድርጎ መሥራት አይመከርም፤ አንገት ይጎብጣል። መደብ ላይ ወይም አልጋ ላይ ተጋድሞ መሥራትም እንዲሁ ነው። ጠረጴዛ ቢገኝ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ጠንካራ ሳጥን ያገለግላል። እግር መሬት ይርገጥ፤ ጀርባ ይደገፍ። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ ይገባል። ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ ማስቀመጥ የአየር ማስወጫውን ስለሚደፍን ዕቃውን ያግለዋል።

እንቅልፍ

ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆኑት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለባቸው የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። ምሽት 3 ሰዓት ተኝቶ ንጋት 12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ 9 ሰዓት ይተኛል። በስክሪን ምክንያት እስከ 5 ሰዓት ካመሸ ግን የቀረው 7 ሰዓት ብቻ ነው። በማግስቱ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ለዚህ ነው።

የስክሪን ብርሃን ሰውነት ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሆርሞን ይቀንሳል፤ ጨዋታውና ፊልሙም አእምሮን ያነቃል። ስለዚህ ከመኝታ አንድ ሰዓት አስቀድሞ መዝጋት ይመከራል። ላፕቶፑና ስልኩ ልጁ ከሚተኛበት ክፍል ውጭ ይደሩ። ቻርጅ እየተደረጉ አልጋ ላይ ወይም ትራስ ሥር ማሳደር የእሳት አደጋም ሊያስከትል ይችላል።

በቀን ስንት ሰዓት?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ስክሪን እንዳያዩ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጡ መክሯል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት እ.ኤ.አ በ2020 ባወጣው መመሪያ የሰዓት ገደብ አላስቀመጠም፤ ለመዝናኛ የሚውለው የስክሪን ጊዜ እንዲቀነስና በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲደረግ ግን አሳስቧል።

ለምሳሌ ያህል፣ ከትምህርት ቤት 10 ሰዓት የሚመለስ ተማሪ እስከ 12 ሰዓት ከቤት ውጭ ቢቆይ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል በደብተርና በመጽሐፍ ቢያጠና፣ ከዚያም እስከ 2 ሰዓት በላፕቶፕ ቢሠራና ዘግቶት 3 ሰዓት ቢተኛ፣ ጥናቱም ጤናውም አብረው ይሄዳሉ።

ኮምፒውተር የማያውቅ ወላጅ ምን ያድርግ?

ልጁን ለመከታተል ኮምፒውተር ማወቅ የግድ አይደለም። ላፕቶፑ ሁሉም በሚቀመጥበት ክፍል ብቻ እንዲከፈት ማድረግ የመጀመሪያው ቁጥጥር ነው። ማታ ማታ “ዛሬ የሠራኸውን አሳየኝ፤ ምን እንደሆነም ንገረኝ” ማለት ሁለተኛው ነው። ልጁ የተማረውን ለወላጁ ማስረዳት ከቻለ መሣሪያው ሥራ ላይ ውሏል ማለት ነው።

የማያውቀው ሰው በበይነ መረብ ፎቶ፣ ገንዘብ ወይም የቤት አድራሻ ቢጠይቀው ወዲያው ለወላጁ እንዲነግርም ይመከር። የነገረ ልጅ መቆጣት የለበትም፤ ከተቆጡት ሌላ ጊዜ ይደብቃል። ታላላቆችም ምሳሌ ይሁኑ። አባት መሶብ ቀርቦ ስልኩን እያየ ልጁን “ዝጋ” ቢለው ቃሉ አይሰማም።

የላፕቶፕ መግዛት ጉዳይ የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። በወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ከላይ የተዘረዘሩት አምስት ጥያቄዎች ቢነሡና መልሳቸው በቃለ ጉባኤ ቢያዝ፣ ወላጅ የሚገዛውን አውቆ ይገዛል፤ መግዛት የማይችለውም ልጄ ይቀርብኛል ከሚል ስጋት ይድናል። በሬው ለገበያ ከመውጣቱ በፊት መልሱ መታወቅ አለበት።