የመዝጊያ ቆጠራ

የመዝጊያ ቆጠራ አንድ ካሜራ ከተሠራ ጀምሮ መዝጊያው ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደተዘጋ የሚነግር ቁጥር ነው። ፎቶ አንሺዎች «ሹተር ካውንት» ይሉታል። «መዝጊያ» የሹተርን ሥራ በትክክል ይገልጻል፤ «ቁጥር» ከማለት «ቆጠራ» ማለት የሚሻለው ደግሞ ካሜራው ሥር ከተጻፈው መለያ ቁጥር ጋር እንዳይምታታ ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የተሠራበትን ዓመት ብቻ ሳይሆን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ያገለገለ ካሜራ የሚገዛም የመዝጊያ ቆጠራውን ይጠይቃል። ካሜራው የሚፈለገው ጭፈራ፣ ሩጫ ወይም ኳስ ጨዋታ ለማንሳት ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

የመዝጊያው አሠራር

ዲኤስኤልአር በሚባለው ባለመስተዋት ዲጂታል ካሜራ ውስጥ በሌንሱ የገባው ብርሃን አዘንብሎ በተቀመጠ መስተዋት ላይ ያርፋል። መስተዋቱ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰውና ፎቶ አንሺው በማያው በኩል ትዕይንቱን እንዳለ ያየዋል። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ወደ ላይ ይነሳል፤ ከበስተኋላው የመጀመሪያው መጋረጃ ይከፈትና ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ሁለተኛው መጋረጃ ተከትሎ ይዘጋል፤ መስተዋቱም ወደ ቦታው ይመለሳል። መዝጊያ የሚባሉት እነዚህ ሁለቱ መጋረጃዎች ናቸው። ፎቶ በተነሳ ቁጥር የሚሰማው ድምፅ የእነዚህ ሁሉ እንቅስቃሴ ነው፤ ቆጠራውም አንድ ይጨምራል።

የሚንቀሳቀስ ዕቃ ያልቃል። አምራቾች አንድን መዝጊያ ለስንት ጊዜ እንደፈተሹት የሚያሳውቁትም ለዚህ ነው። ካነን 80ዲ ለ100,000 ጊዜ፣ ኒከን ዲ7200 ለ150,000፣ ካነን 7ዲ ማርክ 2 እና ኒከን ዲ500 ለ200,000፣ የጋዜጠኞችና የስፖርት ፎቶ አንሺዎች ካሜራ የሆነው ኒከን ዲ5 ደግሞ ለ400,000 ጊዜ የተፈተሹ ናቸው። ይህ የዕድሜ ግምት እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ቀድሞ የሚበላሽም፣ ከተገመተለት በላይ የሚያገለግልም አለ። ይሁን እንጂ ሻጭና ገዢ ስለ ካሜራው ድካም ሲነጋገሩ በእጃቸው ያለው ዋና መለኪያ ይኸው ነው።

እንቅስቃሴ ከካሜራው የሚጠይቀው

በራያ ቆቦ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ልጃገረዶች የሶለል በዓልን ጭፈራ ሲጫወቱ፣ በማሽላ ማሳ ላይ ወፍ ጠባቂ ወንጭፉን ሲያሽከረክር፣ በወልድያ ስታዲየም ኳስ ሲመታ ፎቶ አንሺውን የሚፈትኑት ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው።

የመጀመሪያው የመዝጊያ ፍጥነት ነው። በሰከንድ 4 ሜትር የምትወዛወዝ የጨፋሪ እጅ መዝጊያው ለ1/60 ሰከንድ ክፍት ሲሆን ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ትጓዛለች፤ በፎቶው ላይ ጣት ከጣት አይለይም። በ1/1000 ሰከንድ ግን የምትጓዘው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የእጅ አምባሩ ጭምር ጥርት ብሎ ይታያል። ለጭፈራ ከ1/500፣ ለሩጫና ለኳስ ከ1/1000 ሰከንድ ማነስ የለበትም።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። መዝጊያው ቶሎ ሲዘጋ የሚገባው ብርሃን ያንሳል፤ ሶለል ደግሞ ሰማዩ ደመና ሊያዝል በሚችልበት ወቅት የሚውል በዓል ነው። ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2.8 የሚከፈት ሌንስ እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ከሚከፈተው 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በተራው ሌንስ 1/250 ሰከንድ ብቻ በሚቻልበት ብርሃን ቀዳዳው ሰፊ በሆነው ሌንስ 1/1000 ይቻላል ማለት ነው። ስለዚህ በጀት ሲመደብ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ሌንሱን ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ሦስተኛው ተንቀሳቃሹን እየተከታተለ የሚያጠራ የትኩረት ሥርዓት ሲሆን፣ አራተኛው በተከታታይ የማንሳት አቅም ነው። ለጀማሪ የተሠራው ካነን 1300ዲ 9 የትኩረት ነጥቦች አሉት፤ በሰከንድም 3 ፎቶ ያነሳል። ካነን 7ዲ ማርክ 2 ባለ 65 ነጥብ፣ ኒከን ዲ500 ባለ 153 ነጥብ ሲሆኑ ሁለቱም በሰከንድ 10 ያነሳሉ። በሜጋፒክሰል ብዛት ብቻ ካሜራ የሚመርጥ ገዢ ይህን ልዩነት ሳያየው ያልፋል።

በፍጥነት የሚያነሳ በፍጥነት ያልቃል

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በሰከንድ 10 የሚያነሳ ካሜራ ቁልፉ ለ3 ሰከንድ ተጭኖ ሲቆይ ቆጠራው በ30 ያድጋል። በአንድ የበዓል ቀን 2,000 ፎቶ ማንሳት ለእንቅስቃሴ ፎቶ አንሺ ብዙ አይደለም። በዚህ ስሌት ለ100,000 የተፈተሸ መዝጊያ 50 የሥራ ቀን፣ ለ200,000 የተፈተሸውም 100 የሥራ ቀን ይበቃዋል። ቤተሰቡን ብቻ የሚያነሳ ሰው ግን ያንኑ ካሜራ ለብዙ ዓመታት ይዞት 20,000 ላይደርስ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው እውነት ለገዢ ከባድ ነው፤ ለእንቅስቃሴ ፎቶ የሚመቸው ያገለገለ ካሜራ ብዙ ጊዜ በእንቅስቃሴ ፎቶ የደከመው ነው። ካነንና ኒከን ለስፖርት የሠሯቸውን የመጨረሻ ትልልቅ ባለመስተዋት ካሜራዎች ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ወደ መስተዋት አልባዎቹ አዙረዋል። ብዙ ባለሙያዎችም አብረው ስለዞሩ ፈጣኖቹ ባለመስተዋቶች በቀነሰ ዋጋ ወደ ገበያ ይወጣሉ። አጋጣሚው አቅሙ ለተወሰነ ፎቶ አንሺ መልካም ነው፤ መልካም የሚሆነው ግን ቆጠራው ታይቶ ሲገዛ ነው።

ቆጠራውን ማንበብ

የኒከን ካሜራ ቆጠራውን በየፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። አንድ ፎቶ አንስቶ፣ ምንም ሳይነካካ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ የፋይሉን ዝርዝር መረጃ በሚያነብ ፕሮግራም መክፈት ይበቃል። አብዛኞቹ የካነን ካሜራዎች ግን በፋይሉ ውስጥ አይጽፉትም፤ ካሜራውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ቆጠራ በሚያነብ ፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው የፋይሉን ስም ቁጥር እንደ ቆጠራ መውሰድ ነው። የፋይል ቁጥር 9999 ሲደርስ እንደገና ከ0001 ይጀምራል፤ ባለቤቱም በፈለገ ጊዜ ወደ መጀመሪያው ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ «0850» የሚል ፋይል ያለው ካሜራ 850 ጊዜ ብቻ አንስቷል ማለት አይደለም። ሁለተኛው በቴሌግራም የተላከን ፎቶ መመርመር ነው። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የሚላከውን ምስል ያሳንሰዋል፤ በውስጡ ያለውን መረጃም ያጠፋዋል። ሻጩ የላከው ምስል እንዲነበብ በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ መላክ አለበት።

ቆጠራው የማይናገረው

ቪዲዮ ሲቀረጽ መዝጊያው አንድ ጊዜ ተከፍቶ እንደተከፈተ ይቆያል። ሰርግ በቪዲዮ ሲቀርጽ የኖረ ካሜራ ቆጠራው ትንሽ ሆኖ ውስጡ ግን ብዙ ሰዓት የሠራና የጋለ ሊሆን ይችላል። ቆጠራው ስለ አቧራ፣ ስለ መውደቅና ስለ ሌንስም አይናገርም። ስለዚህ ካሜራውን በእጅ ይዞ መፈተሽ ግድ ነው።

መዝጊያው የሚፈተሸው ፀሐይ ወደሌለበት ግልጽ ሰማይ አዙሮ ካሜራው በሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ደጋግሞ በማንሳት ነው፤ ከፎቶው አንዱ ጎን የጠቆረ ከሆነ መጋረጃዎቹ እኩል አይሄዱም። የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 አጥብቦ ያንኑ ሰማይ ማንሳት ሴንሰሩ ላይ ያረፈውን አቧራ ጥቁር ነጠብጣብ አድርጎ ያወጣዋል። ሌንሱን ከካሜራው ነቅሎ ወደ ብርሃን ሲያዩበት እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና መተው ይሻላል። ትኩረቱ የሚፈተነው ደግሞ አንድ ሰው ወደ ካሜራው እንዲሮጥ አድርጎ በተከታታይ በማንሳት ነው፤ ከ10 ፎቶ አብዛኛው ፊቱ ላይ ካልጠራ ካሜራው ወይም ሌንሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ባትሪውና ሚሞሪ ካርዱም ይፈተሹ፤ 128 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት ሐሰተኛ ካርድ ጥቂት ፋይል ከያዘ በኋላ የቀረውን ያጠፋል።

ክፍያና ሰነድ

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ለዋጃ ከተማ፣ ካሜራ የሚገዛባት አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለዚህ የአካባቢው ፎቶ አንሺ ካሜራውን በስልክ ተስማምቶ፣ ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ልኮ፣ ዕቃውን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ለመቀበል ይገፋፋል። ጉዳት የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው፤ አንዴ የተላከ ገንዘብ በቀላሉ አይመለስም። ቅድሚያ ክፍያ ካሜራው ሳይታይ መላክ የለበትም። ራሱ መሄድ ያልቻለ ገዢ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ያለ ዘመድ ወይም የሙያ ባልደረባ ካሜራውን በእጁ ይዞ፣ ቆጠራውን አንብቦ፣ ከላይ የተጠቀሱትን ፈተናዎች አድርጎ ሲጨርስ እዚያው ቦታ ላይ እንዲከፈል ማድረግ አለበት።

የሽያጭ ውሉ ላይ የካሜራው ስም፣ መለያ ቁጥሩ፣ በዕለቱ የተነበበው ቆጠራና የሻጩ ሙሉ ስም ሰፍሮ ምስክሮች ይፈርሙበት። በካሜራው ሥር ያለው መለያ ቁጥር በካርቶኑና በደረሰኙ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ማየት ከተሰረቀ ዕቃ ይጠብቃል። ከውጭ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን መጠየቅ ተገቢ ነው። መዝጊያው ተቀይሯል የሚል ሻጭም የቀየረለትን ባለሙያ ደረሰኝ ያሳይ።

በደምሳሳው ሲታይ ቆጠራው ከተፈተሸበት ልክ ሩቡን ያልሞላ ካሜራ ጥሩ ዋጋ ይገባዋል፤ ግማሹን ያለፈ ዋጋው መቀነስ አለበት፤ ወደ ልኩ የተጠጋ የሚገዛው የአዲስ መዝጊያና የሥራ ዋጋ ተቀንሶለት ብቻ ነው። ቆጠራውን ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ ሻጭ ግን በየትኛውም ዋጋ አይገዛም።