ከሬሖቮት የተነሳው የካንሰር ሕክምናና የቲ ሴሎች ዕድሜ



የዛሬው ወጋችን «ካር ቲ» ስለሚባል የካንሰር ሕክምና ታሪክ ነው። ሐኪም «ከደምህ ሴል ወስደን፣ ለውጠን እንመልስልሃለን» ሲል የሚደነግጥ ሰው አለ። አይፈረድበትም። ወገኖቻችን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ሲጣል እንደነበር በ1996 በጋዜጣ ከወጣ ወዲህ፣ የደም ነገር በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። ይህ ግን ልገሳ አይደለም፤ የተወሰደው ለባለቤቱ ይመለሳል።

በደማችን ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ ሴሎች አሉ። ሥራቸው በበሽታ የተያዘውን ሴል ፈልጎ መግደል ነው። ካንሰር ግን ከገዛ አካላችን ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ሳይለዩት ያልፉታል። በሬሖቮት ከተማ፣ በቫይዝማን ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ዜሊግ ኤሽሃር በ1989 ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ መንገድ አሳዩ፤ ጠላትን የሚለይ መያዣ በቲ ሴሉ ላይ መትከል ይቻላል አሉ። በ2015 የእስራኤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ታዲያ በሽተኛው ለምን ወዲያው አልዳነም? የመጀመሪያዎቹ ሴሎች ጠላታቸውን ቢያውቁም በሰው አካል ውስጥ ብዙ ሳይቆዩ ይጠፉ ነበር። ቲ ሴል ሁለት ትእዛዝ ይፈልጋል፤ አንዱ «ግደል»፣ ሁለተኛው «ተባዛ፣ ኑር» የሚል። ሁለተኛው ከሌለ ስንቅ እንደሌለው ዘማች መንገድ ላይ ይቀራል። ተመራማሪዎች ይህን ስንቅ ለመጨመር ብዙ ዓመት ደከሙ። «ሲዲ 28» የተባለው ሴሉን ፈጥኖ እንዲመታ፣ «4-1 ቢቢ» የተባለው ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ያግዛል።

ሴሎቹ ከመመለሳቸው በፊት ለጥቂት ቀናት ኬሞ ይሰጣል። «ሕክምናው ከሸፈ ማለት ነው» ብላችሁ አትዘኑ፤ ለአዲሶቹ ሴሎች ቦታ ለማስለቀቅ ነው።

በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ የዶክተር ካርል ጁን ቡድን በ2010 የደም ካንሰር በሽተኞችን በዚህ መንገድ አከመ። በ2012 ኤሚሊ ዋይትሄድ የተባለች ልጅ ታክማ ዳነች። በ2017 የአሜሪካ መንግሥት ሕክምናውን ፈቀደ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ በ2022 የወጣው ነው፤ በ2010 ከታከሙት በሁለቱ ደም ውስጥ ሴሎቹ ከአሥር ዓመት በኋላም በሕይወት ተገኙ።

ለሁሉም ካንሰር ይሠራል ብሎ የሚነግራችሁን ግን አትስሙ። እስካሁን የሚጠቅመው በአንዳንድ የደምና የሊምፍ ካንሰሮች ነው፤ በጡት፣ በሳንባና በሆድ ዕጢ ውስጥ ሴሎቹ ቶሎ ይደክማሉ። ከባድ ትኩሳትና የአእምሮ መደናገርም ሊያመጣ ስለሚችል፣ እንደ ሐይፋው ራምባም ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ነው የሚሰጠው። እዚያ ስትገቡ የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለወራትና ለዓመታት ደም ይወሰዳል፤ በሽታው እንዳልተመለሰና የሴሎቹ ሥራ እንዳልቆመ ለማየት ነው።