የቆዩ የግዕዝ ፊደል ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ሲቀየሩ ስህተቱን ማን ይይዛል?

ከሃያና ሠላሳ ዓመታት በፊት በኮምፒውተር የተጻፈ የአማርኛ ወይም የትግርኛ ሰነድ ዛሬ ሲከፈት፣ በግዕዝ ፊደላት ፋንታ የተዘበራረቁ የላቲን ሆሄያት ሊታዩ ይችላሉ። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጠፋው የተጻፈበት ፎንት ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተሰኘው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የተካተተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ እና ፓወር ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች የግዕዝን ቅርጽ ለሌሎች ሆሄያት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ ነበር። አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ስለነበረው ፊደላቱን ለሁለት ፎንቶች መክፈል ወይም የፊደሉን ቅጥያ ለብቻው አስቀምጦ መገጣጠም የግድ ሆነ።

እነዚህን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ። አስቸጋሪው ሥራ መቀየሩ ሳይሆን፣ በትክክል መቀየሩን ማረጋገጥ ነው። ሺህ ገጽ ያለው መዝገብ ሲቀየር እያንዳንዱን መስመር የሚያነብ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ፍተሻው በመሣሪያው ውስጥ አብሮ ሊሠራ ይገባል።

ቀላሉ ፍተሻ ሊኖር የማይችለውን መፈለግ ነው። ለምሳሌ በዩኒኮድ የ‘ቈ’ ቁጥር 1248 ነው፤ ተከታዩ 1249 ግን እስካሁን ባዶ ነው። በተቀየረው ፋይል ይህ ቁጥር ከተገኘ መሣሪያው መሳሳቱ አያጠራጥርም። ከፊደሉ ተነጥሎ የቀረ ቅጥያም እንዲሁ።

የላቲን ሆሄ ሁሉ ስህተት ነው የሚለው ደንብ ግን አይሠራም። በገዳሪፍና በዋድ መደኒ መካከል በምትገኘው ፋው፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው በርካታ ኢትዮጵያውያን ተጠልለው ነበር፤ በ2020 መጨረሻ የትግራይን ጦርነት የሸሹትም በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ እና በቱናይድባ ሰፍረዋል። በእንዲህ ያለ አካባቢ አንድ ገጽ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ሊይዝ ይችላል። መሣሪያው እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ካላየ ደህናውን እንግሊዝኛ ወደ ትርጉም የለሽ ግዕዝ ይለውጠዋል።

ጠንከር ያለው ፍተሻ የደርሶ መልስ ነው፦ የተቀየረውን ወደ ቀድሞው ፎንት መልሶ ከመነሻው ፋይል ጋር ማነጻጸር። ‘ሐ’ እና ‘ሀ’ ሁለቱም ‘ሀ’ ሆነው ከተቀየሩ ልዩነታቸው ስለጠፋ መልሱ አይገጥምም፤ ስህተቱ ይያዛል። ነገር ግን በመቀየሪያው ሠንጠረዥ ‘ጸ’ እና ‘ፀ’ ቦታ ተለዋውጠው ከሆነ፣ ሲመለሱም ተለዋውጠው ይመለሳሉና ፍተሻው ምንም ሳያይ ያልፋል።

በልብ ወለድ ድርሰት ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። በልደት ምስክር ወረቀት ወይም በትምህርት ማስረጃ ላይ ግን ‘ፀሐይ’ የነበረች ‘ጸሐይ’ ሆና ስትገኝ፣ ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ የቤተሰብ ግንኙነትን ለማስረዳት የሚቀርብ ሰነድም በዚህ ሊጠረጠር ይችላል።

በመሆኑም ሠንጠረዡን ፊደላቱ ሁሉ በተጻፉበትና ሰው ባረጋገጠው የሙከራ ገጽ አስቀድሞ መፈተን ያስፈልጋል። መሣሪያው የተጠራጠረውን ቃል በራሱ ከማረም ይልቅ ገጹንና መስመሩን ጠቁሞ ለአንባቢ ሊያቀርብ ይገባል፤ የመነሻው ፋይልም ሳይነካ ከነፎንቱ መቀመጥ ይኖርበታል።