የጋፋት ልጆች የማን ናቸው?

ስሙኝማ! ክረምት ሲመጣ ሐርጌሳ በልጆች ትሞላለች። ከለንደን፣ ከስቶክሆልም፣ ከቶሮንቶ አያቶቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዘመድ አዝማድ አንድ ግቢ ይሰበሰባል፤ ሩዝና የፍየል ሥጋ በትልቅ ትሪ ይቀርባል፤ ወተት የገባበት ሻይ ይከተላል። ከዚያ አያት ልጁን ከፊታቸው ያቆሙና «ቁጠር!» ይሉታል። ልጁም አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየጠራ ሽቅብ ይወጣል። ሲሳሳት ጉባኤው በአንድ ድምፅ ያርመዋል።

እንዲህ ባለ አንድ ዓርብ እኔም ተጋብዤ ነበር። አያትየው አማርኛ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ቤተሰባቸውን ይዘው ድንበር ተሻገሩ፤ እንደ ብዙ ሺህ የአገራቸው ሰዎች ሐርቲሼክ መጠለያ ገቡ፤ ቋንቋውንም የለመዱት እዚያና ጅጅጋ ገበያ ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ወደኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ እናንተ አገር ከሩቅ መጥቶ የቀረ ሰው ዘሩ ይቆጠራል?» አሉኝ። እኔም የጋፋትን ነገር አወራኋቸው። ለእናንተም ላውጋችሁ።

ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ ናት። አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት፣ እሳቸውም በወጣትነታቸው አገራችንን ያዩ ናቸው፣ ባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችን ላኩ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ በኋላም ሳልሙለርና የስዊሱ ዋልድማየር መጡ። የተላኩት ወንጌል ሊያስተምሩ፣ በእጅ ሥራም ሊያገለግሉ ነበር። ንጉሡ ግን ከሁሉ አስቀድመው የፈለጉት መድፍ ነው። «አናውቅበትም» ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆልም ከእነሱ ጋር ነበረ። የመጀመሪያው ሙከራ አልያዘም፤ ደግሞ ተሞከረ፤ ምድጃው ተሠራ፣ ነሐስ ቀለጠ፣ በመጨረሻም ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ።

ከእነሱም የቀደሙ ነበሩ። የዕፅዋት አዋቂው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ትግራይ ገብቶ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ኖረ። ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር ከአንሃልት መጥቶ በደጃዝማች ውቤ ቤት ቆየ፤ ውቤ ሲሸነፉ ወደ ቴዎድሮስ ዞረ።

እነዚህ ሰዎች እንግዳ ሆነው አልቀሩም፤ አገቡ፣ ወለዱ። ዋልድማየርና ሳልሙለር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሴት ልጆች አገቡ፤ የልጆቹ እናት ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ዛንደር ስማቸው እሴተ ወርቅ ተብሎ ከተጻፈ የጎንደር ቤተ መንግሥት ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን ወለደ። ወለተ ኢየሱስን ደግሞ ሞሪትዝ ሆል አገባት። ጋፋት በአማርኛና በጀርመንኛ አፋቸውን የፈቱ ሕፃናት የሚሯሯጡባት መንደር ሆነች።

ከዚያ መከራው መጣ። ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲነሡ የጋፋት ሰዎችም ሚስትና ልጅ ይዘው ተከተሉ። ገደል እየተናደ፣ ዐለት እየተፈለጠ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ፣ መንገዱ ወራት ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዞች ሲመለሱ የጋፋትን ቤተሰቦች ይዘው ወጡ።

ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት፣ በኋላም አስፉሪዬ የሚባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ሆልና ወለተ ኢየሱስ ያፋ ሰፈሩ። በዚያው በመቅደላው ዓመት የተወለደችው ልጃቸው ማግዳሌና፣ ባሮን ኡስቲኖቭ የተባለ የሩስ ባላባት አገባች። የልጅ ልጇን ዓለም ያውቀዋል፤ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ወንድሟ ዳዊት ሆል ግን ወደ እናቱ አገር ተመለሰ፤ በንግድና በመንግሥት አማካሪነት ኖረ።

አያትየው እስከዚህ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እንግዲያው በእኛ ቆጠራ እነዚህ ልጆች የናንተ አይደሉም። አባት ጀርመን፣ አባት ፖላንድ፣ አባት ሩስ» አሉ። ቀጠሉና፣ «ከናንተ ጋር ያሰራቸው እናት ብቻ ናት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛም ከእሳቸው አንሻልም። የመድፉን ስም የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ አምሳያው አዲስ አበባ ላይ ቆሞለታል። ወለተ ኢየሱስን ግን ስንቶቻችን ሰምተናታል? ባሏ ነሐስ ያቀለጠበትን ጽፈናል፤ እሷ ሕፃን ታቅፋ የበሸሎን ገደል የወረደችበትን አልጻፍንም። ይሄ ያንገበግበኛል።

የእነዚያ ቤተሰቦች ተወላጆች አንድ ቅዳሜና እሁድ ጋፋት ላይ ቢገናኙ ደስታዬ ወሰን የለውም። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በጠዋት የተነሣ ለቁርስ ይደርሳል። የደብረ ታቦር ሰው እንግዳ መቀበል ያውቅበታል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የትውልድ ሐረጉ ሲነበብ ከአንሃልትና ከባዝል አይጀመር። ከእሴተ ወርቅ፣ ከወለተ ኢየሱስ፣ ከቤል ልጆች እናት ይጀመር፤ ወንዶቹ ከእነሱ በኋላ ይጠሩ።